የትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ፦ ስለ ከበሮ ምድብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስከረም ላይ የክበባት ምዝገባ ሲከፈት አራት ኪሎ አካባቢ ባለው ትምህርት ቤታችን ተማሪውም ወላጁም የሚጠይቁን እነዚህኑ ነው፤ የምመልሰው እኔ አራት ዓመት ከበሮ መትቼ ዛሬ አዲስ ገቢዎችን የማለማምድ ነኝ።

ማርሽ ባንድ ከሌላው የሙዚቃ ቡድን በምን ይለያል?

በእግር። የመድረክ ባንድ ቁጭ ብሎ ወይም ቆሞ ይጫወታል፤ ማርሽ ባንድ እየተራመደ ይጫወታል። ስለዚህ ተሸክመውት የሚሄዱት፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ከአስፋልቱ ማዶ የሚሰማ መሣሪያ ብቻ ይገባበታል። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ሳክስፎን፣ ክላርኔትና ቱባ ናቸው። የምት መሣሪያዎቹ ደግሞ ታምቡር (ልጆቹ ስኔር ይሉታል)፣ ትልቁ ከበሮና ሲምባል ናቸው። እዚህ የማወራው ስለ ምቶቹ ነው።

እያንዳንዱ ምድብ የራሱ አለቃ አለው፤ ለብቻው ይለማመዳል፣ ለብቻውም ይወቀሳል። አለቃ ስል የመማሪያ ክፍል አለቃ ማለቴ አይደለም። እሱ ስም ይመዘግባል፤ የእኛው ግን የተላላ የከበሮ ብሎን ያጠብቃል።

ማርሽ ባንድ ወደ ኢትዮጵያ እንዴት ገባ?

ሰልፍና ከበሮ እዚህ አገር ቀድሞም አብረው የኖሩ ናቸው። ነጋሪት ሲጎሰም አዋጅ ነው፤ ለጦርም ለንግሥም እምቢልታና መለከት ይነፋል። የነሐስ መሣሪያ የያዘ ባንድ ግን ከዓድዋ ድል በኋላ፣ ከሩሲያ ጋር ወዳጅነት በጠበቀበት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጀመረ ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከጭፍጨፋ የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ ዘውዱ ፍጻሜ ድረስ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ የቆየውን ዜማ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ባንዶች ተከታተሉ። እነዚህ ባንዶች ከሰልፍ አልፈው የከተማውን ዘመናዊ ሙዚቃ ራሱን አሳድገዋል። የእኛም አሠልጣኝ፣ ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው፣ ከወታደር ባንድ በጡረታ የወጡ ናቸው። ልምምድ ላይ "ተጠንቀቅ!" ሲሉ ግቢ ውስጥ የሚያልፈው የሒሳብ መምህር ሳይቀር ቀጥ ይላል።

ኖታ ማንበብ አልችልም። መመዝገብ እችላለሁ?

ይቻላል። ሲመጣ ኖታ የሚያነብ ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ ያየሁት ሁለት ብቻ ነው። የከበሮ ኖታ የዜማ ከፍታ ስለሌለው ከትንፋሾቹ ይቀላል። መቼ እንደሚመታ፣ ምን ያህል እንደሚጠነክር፣ በየትኛው እጅ እንደሆነ ካወቃችሁ አብዛኛው ነገር ገብቷችኋል። እስከ ገና ድረስ ሁሉም አዲስ ገቢ ይደርስበታል።

ምዝገባው ላይ የምንፈትነው ሌላ ነገር ነው። ባላችሁበት እየረገጣችሁ ለአንድ ደቂቃ ታጨበጭባላችሁ። ከዚያ ጭብጨባው ይቆማል፤ እግር ብቻ ይቀጥላል። ጋሼ መሀል ላይ ያናግሯችኋል፤ ስማችሁን፣ ሰፈራችሁን፣ ቁርስ ምን እንደበላችሁ ይጠይቃሉ። እየመለሳችሁ እግራችሁ ካልተዛነፈ ገብታችኋል። ከተዛነፈም በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ትመጣላችሁ። እኔ ራሴ የገባሁት በሁለተኛው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን "ፍርፍር" ስል ቆሜ ቀረሁ።

ታምቡር፣ ትልቁ ከበሮ ወይስ ሲምባል? የሚመድበኝ ማን ነው?

የሚመድቡት ጋሼ ናቸው፤ የምድቡ አለቃም ሐሳብ ይሰጣል። ሁሉም የሚፈልገው ታምቡርን ነው። ከታችኛው ቆዳ ሥር የተወጠሩት ሽቦዎች ያንን የሚንጣጣ ድምፅ ይሰጡታል፤ እጅም ይበዛበታል፤ ካሜራም የሚያነሳው እሱን ነው። ታምቡር ላይ የሚደርስ ሰው አስቀድሞ ምቶቹን ያጠራል። በዓለም ዙሪያ ከበሮ መቺዎች የሚማሯቸው 40 መሠረታዊ ምቶች ተዘርዝረዋል፤ እኛ በመጀመሪያው ዓመት ከስድስት አናልፍም። ከስድስቱ ልጆቹን የሚያስለቅሰው "ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ" የሚለው ነው። ቀስ ብሎ ሲመታ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሲፈጥን ግን ሁለተኛዋ "ቀኝ" ትሰወራለች።

ትልቁን ከበሮ የያዘ ሰው የሠላሳ ሰው እግር በእጁ ነው። ምቱ ጥቂት ነው፤ ግን አንዷ ብትዘገይ ሰልፉ ሁሉ ይንገዳገዳል። ለዚህ ቦታ ጋሼ ፈጣን እጅ አይፈልጉም። የሚፈልጉት የማይደነግጥ ልጅ ነው።

በእኔ ዓይን ከሦስቱ ከባዱ ሲምባል ነው። ማንም አያምነኝም። ሁለቱን ሳህኖች ፊት ለፊት አጋጥማችሁ ካጨበጨባችሁ በመካከላቸው አየር ይታፈንና ድምፁ እንደ ድስት ክዳን ይሆናል። አንዱን ዘንበል፣ ጠርዞቹን ትንሽ ዛነፍ አድርጋችሁ ማንሸራተት አለባችሁ። ከዚያ ዝም ማለት አለ፤ አሥራ አምስት ቤት (ቤት የምንለው እኩል ብዛት ያላቸው ምቶች የያዘውን የዜማ ክፍል ነው) ሙሉ እየረገጡ ቆጥሮ በአሥራ ስድስተኛው አንዴ መምታት። ታምቡር ላይ የሚንቀለቀል ልጅ ሲምባል ተሰጥቶት ሲቆጥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ማየት ነው።

መሣሪያ መግዛት አለብኝ?

የለባችሁም። ከበሮውም ማንገቻውም የትምህርት ቤቱ ነው። የራሳችሁ የሚሆነው አንድ ጥንድ ዱላ ብቻ ነው። ስትገዙ ባለሱቁ የሰጣችሁን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፤ እያንዳንዷን ጠረጴዛ ላይ አንከባሏት። ከዘለለች ጠማማ ናት። ቀጥሎ ሁለቱንም በየተራ እንጨት ላይ ቆርቆር አድርጉና ድምፃቸውን አስተያዩ። አንዷ ወፍራም፣ ሌላዋ ቀጭን ድምፅ ካላት ክብደታቸው አይመጣጠንም፤ ሌላ ጥንድ ጠይቁ። ባለሱቁ ቢያጉረመርም ይልመደው።

ልምምድ መቼ ነው?

ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ከ9፡30 እስከ 11 ሰዓት፣ ቅዳሜ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 5 ሰዓት፣ ቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ። በዓል ሲቃረብ በየቀኑ ይሆናል። በየሰኞው ሰንደቅ ዓላማ ላይ የሚጫወቱት ተረኞች 1፡45 መድረስ አለባቸው፤ ታክሲ ሰልፍ ምክንያት አይሆንም።

ሴት ልጅ ትልቁን ከበሮ መያዝ ትችላለች?

ትችላለች፤ አሁን የያዘችውም የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት። የእኛ ታምቡር ከነማንገቻው 6 ኪሎ ገደማ፣ ትልቁ ከበሮ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዋናው ክብደቱ ሳይሆን የሚያርፍበት ቦታ ነው። ማንገቻው ተጣሞ ሸክሙ በአንድ ትከሻ ከወረደ ግዙፉም ወንድ በሃያ ደቂቃ ይጎብጣል። ከበሮ ከመሸከማችሁ በፊት ማንገቻውን ሌላ ሰው ከኋላችሁ ሆኖ ያስተካክልላችሁ፤ ራስን ከኋላ ማየት አይቻልም።

ልጄ ትምህርቱን ይጎዳበታል ብዬ እፈራለሁ። (ከወላጆች)

ስጋትዎ ተገቢ ነው። ልምምዱ በሳምንት አምስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ በዓል ሲቃረብ ከዚያም ይበልጣል። ይህን ደብቆ "ምንም አይነካውም" የሚል አሠልጣኝ ቢያጋጥምዎ አይመኑት። እኛ ዘንድ ያለው ደንብ ይህ ነው፦ የመንፈቅ ውጤቱ የወረደ ተማሪ እስኪያሻሽል ድረስ ከሰልፍ ይወጣል፤ ልምምድ ግን ቅዳሜ ብቻ መጥቶ ማየት ይችላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና እንዲዘጋጁ ከሚያዝያ 27 የድል በዓል በኋላ አይጠሩም። ዱላቸውን ይዘው ቢመጡ እንኳ ጋሼ ይመልሷቸዋል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ልጅዎ እቤት ጠረጴዛውን፣ ሳህኑን፣ የመኪናውን በር በጣቱ መቀርቀብ ከጀመረ አይቆጡት። ያ የቤት ሥራው ነው።

ቤት ውስጥ ስለማመድ ጎረቤት ይቆጣል። ምን ላድርግ?

ከበሮ ወደ ቤት አይሄድም፤ ስለዚህ የምትለማመዱት በሌላ ነገር ላይ ነው። ትራስ አይሆንም፤ ዱላውን ይውጠዋል እንጂ አያነጥረውም፤ እጃችሁ የሌለ ጉልበት መጠቀም ይለምዳል። የሚሻለው ከጎማ ጠጋኝ የሚገኝ የመኪና ጎማ ቁራጭ ነው። በርጩማ ላይ አስቀምጡት፤ በርጩማውን ደግሞ ታጥፎ በተነጠፈ ብርድ ልብስ ላይ። ድምፁ ይታፈናል፤ ንጥረቱ ግን እንደ ከበሮ ቆዳ ይሆናል።

ያደግኩበት የቀበሌ ቤት ግድግዳው ጭቃ ነበር፤ ማዶ ያሉት እማማ ሲሰለቻቸው በዘነዘና ይመቱት ነበር። ሁለት ወር እንዲህ ቆየን። አንድ ቀን ከቤት ስወጣ በር ላይ አገኙኝና "ልጄ፣ ትናንት ማታ ያቺ መጨረሻዋ ላይ ሁልጊዜ የምታደርጋትን ረሳሃት" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ የመጨረሻዋን ድርብ ምት ዘልያለሁ። ሰፈሩ አሁን ፈርሷል። እማማ የደረሳቸው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ "ግድግዳው ምንም አያሰማም" ብለው ሲያማርሩ ሰምቻለሁ።

እግሬና እጄ አይገናኙም። ችግሩ ምንድን ነው?

ችግሩ ከእጅ መጀመራችሁ ነው። ማርሽ በግራ እግር ይጀመራል፤ የቤቱ የመጀመሪያ ምት ግራ እግር መሬት ሲነካ ይውላል፤ ትልቁ ከበሮም እዚያው ላይ ያርፋል። የተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 120 እርምጃ ነው፤ ማለትም ለአንድ እርምጃ ግማሽ ሰከንድ። መጀመሪያ ያለ ዱላ አንድ ሳምንት ተራመዱ፤ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ እንኳ ግራውን እየቆጠራችሁ ኑ። ቀጥሎ ምቱን በአፍ በሉት። ጋሼ "በአፍህ ያላልከውን በእጅህ አትመታውም" ይላሉ።

ሰልፍ መሀል እግራችሁ ከሌላው ከተቃረነ እንደ ፌንጣ አትዝለሉ፤ ከሩቅ ይታያል። በአንድ ምት ውስጥ ሁለት አጫጭር እርምጃ ስረቁና ግራችሁን መልሳችሁ አግኙ። ጎረቤታችሁ እንኳ አያውቅባችሁም።

የደንብ ልብሱን ማን ያሰፋል?

ትምህርት ቤቱ አሰፍቶ ያውሳል፤ ታጥቦ ተተኩሶ ይመለሳል። ጫማ ግን የራሳችሁ ነው፦ ጥቁር፣ ዝቅ ያለ፣ ሶሉ የማያንሸራትት። አዲስ ጫማ በሰልፍ ቀን ማጥለቅ ክልክል ነው። ክልከላው በማን ተረከዝ ምክንያት እንደመጣ አልናገርም።

በጾም ወቅት ልምምድ አለ?

አለ፤ ግን ይቀየራል። የካቲት 23፣ የዓድዋ በዓል፣ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ረመዳንም ታከለበትና ከምድቡ አብዛኛው ሳይበላ፣ ግማሹም ውኃ ሳይጠጣ የሚለማመድ ሆነ። ያን ጊዜ የቅዳሜውን ልምምድ ወደ 1፡30 አመጣነው፤ የሥራ ቀኑን ደግሞ በሸክም ሳይሆን ጥላ ሥር ተቀምጦ በጎማ ላይ በመምታት አሳለፍነው። የሚጾምና የማይጾም ለይተን አንጠይቅም፤ ሁሉም ይቀመጣል። ራሱ ዞር ያለበት ልጅ ካለ ከበሮውን አውርዶ ከሰልፉ ይወጣል፤ ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ከነከበሮው ወድቆ ከበሮውን መስበር ነው። (ጋሼ እንዲህ ሲሉ ይቀልዱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።)

ዝናብ ቢመጣስ?

ክረምቱ ትምህርት ስለሌለ አያስቸግረንም፤ የሚያጠቃን የሚያዝያው በልግ ነው። የዛሬ ከበሮ ቆዳ ፕላስቲክ ስለሆነ ውኃ አይፈራም። የታምቡሩ ሽቦ ግን ይዝጋል፤ የእንጨት አካሉም ያብጣል። ስለዚህ ዝናብ የነካው ከበሮ ሳይደርቅ ወደ ሽፋኑ አይገባም። ክላርኔት ከሁሉ ቀድሞ ይጠለላል። በረዶ ከጣለ ሁሉም ይሮጣል።

በሕዝብ ፊት ብሳሳትስ?

ትሳሳታላችሁ። ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ትልቁን ከበሮ ይዤ የመጀመሪያዬ ነበር። መዝሙሩ አለቀ። መሪው በትሩን አወረደ። እኔ በቆጠራዬ አንድ ምት ይቀረኝ ነበርና "ዱም!" አደረግኩት። ግቢው ሙሉ ጸጥ ብሏል፤ ሰንደቁ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ የእኔዋ ዱም ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ጋር ተጋጭታ ተመልሳ ስትመጣ ሁሉም ሰማት። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። እስከ ጥምቀት ድረስ ስሜ "ዱም" ነበር።

የተማርኩት ይህን ነው። የተሳሳተ ምትን በሌላ ምት ለማረም አትሞክሩ፤ አንዱ ስህተት ሁለት ይሆናል። እጃችሁን አውርዱ፤ እግራችሁ ይቀጥል፤ አንድ ቤት አሳልፋችሁ በግራ እግር ግቡ። ፊታችሁ አይለወጥ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላው ሲሳሳት ዞር ብላችሁ አትዩት። ተመልካቹ ማን እንዳጠፋ የሚያውቀው ከበሮ ስለሚለይ ሳይሆን ሁላችሁም አንዱን ስለምታዩት ነው።

ከፊት ያሉት ትራምፔቶች ሁልጊዜ የዘገዩ የሚመስለኝ ለምንድን ነው?

ይህን የሚጠይቅ ልጅ መስማት ጀምሯል ማለት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፈጣን ይመስላል፤ ለሰልፍ ግን በቂ አይደለም። ከፊተኛው ረድፍ እስከ ከበሮው 20 ሜትር ቢሆን የእናንተ ምት ትራምፔቶቹ ጋር ለመድረስ 0.06 ሰከንድ ይፈጅበታል። እነሱ በሰሙት ቅጽበት ቢነፉ ድምፃቸው ወደ እናንተ ሲመለስ ሌላ 0.06 ይጨመራል። ስለዚህ ጥፋት ሳይኖርባቸው ከ0.1 ሰከንድ በላይ ዘግይተው ትሰሟቸዋላችሁ። እርምጃው ግማሽ ሰከንድ በሆነበት ይህ ሩብ እርምጃ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ጣጣው የሚመጣው ከበሮው ሲያዝን ነው። "ልጠብቃቸው" ብላችሁ ትንሽ ዝግ ካላችሁ እነሱም ይህንኑ ሰምተው የበለጠ ይዘገያሉ፤ እናንተም እንደገና ትጠብቃላችሁ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰልፉ የቀብር ይሆናል። ስለዚህ ደንቡ፦ ከበሮ ማንንም አይጠብቅም። ዓይን መሪው በትር ላይ፣ ጆሮ አጠገብ ባለው ከበሮ ላይ። ከበሮው መሀል የሚሰለፈውም ለዚሁ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ያለው ርቀት በግማሽ ይቀንሳል። ከረጅም ሕንፃ ፊት ስታልፉ ደግሞ የራሳችሁ ምት ተመልሶ ይመጣባችኋል፤ እሱንም እንደማታውቁት እለፉት።

ቁልቁለት ላይ ለምን እንፈጥናለን?

አንድ ዓመት ከፒያሳ ተነስተን በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ወረድን። ማዘጋጃ ቤቱን እስክናልፍ ደህና ነበርን። ከዚያ ቁልቁለቱ ያዘን። ሰውነት ወደፊት ይስባል፤ እርምጃ ይረዝማል፤ እግር ሲፈጥን እጅ ይከተላል። ከበሮውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጋሼ በእግረኛ መንገዱ ጎን ለጎን እየሄዱ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ በ15 ሰከንድ 30 መሆን የነበረበት እርምጃ 34 ሆኖ ቆጠሩት፤ በደቂቃ 136 ማለት ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ ትራምፔቶቹ ግማሾቹ መሣሪያውን ከከንፈራቸው አውርደው ይተነፍሱ ነበር። አንዱ ዞር ብሎ ያየኝን አስተያየት ዛሬም አልረሳውም።

መፍትሔው እርምጃን ማሳጠር ነው። ተረከዝን ቀድሞ መጣል፣ ትከሻን ወደኋላ ያዝ ማድረግ፣ አስፋልቱን ሳይሆን ሩቅ ያለ አንድ ነገር ማየት ይረዳል። ሽቅብ ሲሆን ተቃራኒው ይመጣል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ስትወጡ ምቱ እየከበደ ይሄዳል፤ ከተማው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለነፊ የሚተርፍ ትንፋሽ የለም። እዚያ ላይ ትንፋሾቹ ያርፉና ከበሮ ብቻውን ይወጣል። በእኔ እምነት የምድባችን ምርጥ ጊዜ ያ ዳገት ነው።

ባህላዊ ዜማ በማርሽ እንዴት ይረገጣል?

አብዛኛው የማርሽ ዜማ እያንዳንዱን እርምጃ ለሁለት ይከፍለዋል፦ ግራ-ታ፣ ቀኝ-ታ። ሙዚቀኞች ቺክቺካ የሚሉት ምት ግን አንዱን እርምጃ ለሦስት ይከፍላል፦ ግራ-ታ-ታ፣ ቀኝ-ታ-ታ። እግሩ ያው ሁለት ነው፤ የሚለወጠው በእርምጃዎቹ መካከል ያለው ነው። አዲስ ልጅ የሚሰናከለው የታምቡሩ ድምቀት አንዳንዴ እነዚያን ስድስት ትናንሽ ምቶች ሁለት ሁለት እያደረገ ስለሚያሰማ ነው። እግሩ ሦስት መርገጥ ያምረዋል፤ ትከሻውም ይከተላል፤ ሰልፉ እስክስታ ይሆናል።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዜማ ትልቁ ከበሮ ምንም ማስጌጥ የለበትም፤ ግራና ቀኝን ብቻ ይምታ። ጌጡን ታምቡር ይሥራው። ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ፣ ቅኝቱ የትንፋሾቹ ራስ ምታት ነው። ትራምፔትና አልቶ ሳክስፎን አንዱን ድምፅ በተለያየ ኖታ ስለሚጽፉ እነሱ ሲከራከሩ እኛ ሻይ እንጠጣለን።

ከልምምድ በኋላ ጆሮዬ ይጮሃል። ይህ የተለመደ ነው?

የተለመደ ነው፤ ደህና ግን አይደለም። የሙያ ጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ መለኪያ አለ፦ በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን 8 ሰዓት መቆየት የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ታምቡር በቅርብ ከዚህ በላይ ይጮሃል፤ የእኛ ልምምድ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት።

ስፖንጅ መሰሉ የጆሮ መድፈኛ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጠቅልላችሁ አስገቡና እስኪነፋ በጣት ያዙት። ጥጥ አይተካውም። መጀመሪያ ላይ "አልሰማም" ትላላችሁ፤ በሳምንት ትለምዱታላችሁ። ጩኸቱ ካደረ ሐኪም ይይላችሁ። ጋሼ ሲያናግሯችሁ ቀኝ ጆሯቸውን ለምን እንደሚያስጠጉ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በእሳቸው ጊዜ ማንም አልነገራቸውም።

ሠርግ ላይ እንድንጫወት ተጠራን፤ ገንዘቡ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ ምድብ ያፈርሳል፤ ስለዚህ ግልጽ ላድርገው። ባንዱ የሚጠራው ለትምህርት ቤቱ በሚጻፍ ደብዳቤ ነው። ክፍያ ካለ ወደ ክበቡ ይገባና ቆዳ፣ ሽቦና ዱላ ይገዛበታል፤ ለተጫዋቾቹ ትራንስፖርትና ምሳ ይሰጣል። ምሳውን በደብዳቤው ላይ አስጽፉት። አንድ ጊዜ "እንጋብዛችኋለን" ተብለን ስምንት ሰዓት ድረስ ድንኳን ሥር ከበሮ እንደታቀፍን ቆይተን ለስላሳ ብቻ ጠጥተን ተመልሰናል።

አራት አምስት ልጅ ተሰባስቦ የትምህርት ቤቱን ከበሮ በግል ይዞ ከሄደ ግን ከምድቡ ይሰናበታል። በራሳችሁ ከበሮ፣ በራሳችሁ ልብስ፣ በዕረፍት ቀናችሁ ብትጫወቱ ማንም አይከለክላችሁም። ሦስቱንም አሟልቶ የሄደ ግን እስካሁን አላየሁም።

ስጨርስ በሙዚቃ መቀጠል እችላለሁ?

የሚፈልግ መንገድ አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ተፈትኖ መግባት ይቻላል። የፖሊስና የመከላከያ ባንዶችም አሉ። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ከማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ተነስቶ በፖሊስ ኦርኬስትራም አልፎ ነው ዓለም ያወቀው። ከእኛ ምድብ ከወጡት ግን አብዛኞቹ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ መሐንዲስ ሆነዋል። የዓድዋ ቀን ምኒልክ አደባባይ ከሕዝቡ መሀል ቆመው ሲያዩን ጣታቸው ይንቀሳቀሳል።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ዱላዎቼን ልውሰድ?

ዱላዎቹ የገዛችኋቸው ናቸው፤ ውሰዱ። የደንብ ልብሱ፣ ማንገቻውና የጓዳው ቁልፍ ይመለሳሉ። ማንገቻውን ስትመልሱ ለእናንተ የተስተካከለበትን ቀዳዳ አትለውጡት፤ ቀጥሎ የሚይዘው ልጅ በእናንተ ቁመት ይጀምርና ከዚያ ያስተካክለዋል።